ፈረሰኛን በሥዕል ስለ ማሳየት

የዘይት ቀለም የሚባለው ከምን እንደሚሠራ ቢጠየቅ ለብዙዎቻችን የባሕር ማዶ ምሥጢር ይመስለናል። ዘይቱ ግን እናቶቻችን ቆልተው ወቅጠው ለጾም ከሚያቀርቡልን ከተልባ የሚጨመቅ ነው። ሠዓሊው የተፈጨውን ቀለም በዚህ ያሸዋል። ቶሎ ስለማይደርቅም ብርሃኑንና ጥላውን በእርጥቡ እያዋሐደ የፈረሱን ጎድን፣ የላቡን ወዝና ከኮቴው የሚነሣውን አቧራ ዓይን እንደሚያየው አድርጎ ለመሣል ጊዜ ያገኛል።

የጎንደር ሠዓሊዎች በሌላ መንገድ ሄዱ። ቀዳማዊ አፄ ኢያሱ በመሠረቱት በደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ በሰሜኑ ግድግዳ ፈረሰኞች ሰማዕታት ተሥለዋል። ሥዕሉ በሸማ ላይ ተሠርቶ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ነው፤ በሙጫ የተበጠበጠ ቀለም ፈጥኖ ስለሚደርቅም መስመሩ ቁርጥ ያለ ነው። ሩቅና ቅርብ አይለይም። በዚያ ዘመን ሥርዓት ጻድቁ በሁለት ዓይኑ ሲታይ ክፉው በአንድ ዓይን ብቻ ይሣላል።

ታዲያ እነዚህ ሰዎች እውነተኛውን ፈረሰኛ አልተመለከቱም ማለት ነውን? እኔ አይመስለኝም። በጎንደር ዘመን የፈረሰኛ ሥዕሎች እግሩን ተመልከቱ! ፈረሰኛው ባዶ እግሩን ነው፤ ወደ እርካቡም ያገባው አውራ ጣቱን ብቻ ነው። ቅዱስ መርቆሬዎስ የሮም ወታደር ነበረ፤ ሠዓሊዎቻችን ግን እንደ በጌምድር ባላገር አስቀመጡት፤ ሰው ሲጋልብ ያዩት እንዲያ ነውና።

በአንጻሩ ፈረንሳዊው ቴዎዶር ጄሪኮ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1821 የእንግሊዝ አገር የፈረስ እሽቅድድም በዘይት ቀለም ሣለ። ሰማዩና የፈረሶቹ ጠጉር እጅግ ያስደንቃል። ፈረሶቹ ግን የፊት እግራቸውን ወደ ፊት፣ የኋላውን ወደ ኋላ ዘርግተው በአየር ላይ ናቸው። በ1878 ማይብሪጅ የተባለ ፎቶግራፍ አንሺ በካሊፎርኒያ ካሜራዎች በተርታ ደርድሮ ጋላቢ ፈረስ አነሣ። አራቱም እግር ከመሬት የሚነሣው ከሆዱ በታች ሲሰበሰብ እንጂ ሲዘረጋ እንዳልሆነ ታወቀ። ስለዚህ ጥላና ወዝ ያለው ሥዕል ሁሉ እውነተኛ ነው ማለት አይቻልም።

አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ካቋቋሙ ወዲህ በዘይት ቀለም የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን በዝተዋል። ከእነርሱ አንዱ ወደ ወገራ ደጋ መጥቶ ጉግስ ቢሥል እወዳለሁ። አሳዳጁ ዘንጉን ሲወረውር፣ ሸሺው ጋሻውን በጀርባው አድርጎ ወደ ፈረሱ አንገት ሲያጎነብስ፣ የጠዋት ፀሐይ ነጩን ጋቢ በአንድ ወገን ወርቃማ በሌላው ሰማያዊ ስታስመስለው፤ ይህን ያለ ዘይት ቀለም ማን ይችለዋል?

አንድ ክርክር ግን ይነሣል። እኔ ያየኋቸው ፈረሰኞች የላስቲክ ጫማ አድርገው ሙሉ እግራቸውን በእርካብ ያገባሉ። አንዳንድ ሽማግሌዎች ሠዓሊው ጫማውን ትቶ የጥንቱን አውራ ጣት እንዲሥል ይመርጡ ይሆናል። እኔ ብሆን ጫማውን ከነጭቃው እሥለዋለሁ።