በአክታ ውስጥ የተገኘ ሻጋታ ሁሉ በሽታ ነውን?

በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ በዘነበወርቅ አካባቢ የሚገኘው አለርት በ1958 ዓ.ም. ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመ ሲሆን፣ የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማንም ይታከሙበታል። የነቀርሳ ባክቴሪያ ሳል ባለበት ሰው አክታ ውስጥ ከተገኘ ምርመራው አብዛኛውን መንገድ ተጉዟል ማለት ይቻላል። በሳንባ ውስጥ በሚገባ ሻጋታ ረገድ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም።

አስፐርጊለስ በአፈር፣ በበሰበሰ ቅጠልና በእህል ላይ የሚበቅል ሻጋታ ነው። (ስሙን በ1729 እ.ኤ.አ. ያወጣለት ጣሊያናዊው ካህን ሚኬሊ ሲሆን፣ በማይክሮስኮፕ ያየው ቅርጽ የጠበል መርጫ መስሎታል።) ስፖሮቹ ከ2 እስከ 3 ማይክሮሜትር ብቻ ስለሆኑ ሁላችንም በየዕለቱ ወደ ሳንባችን እንስባቸዋለን፤ የመከላከያ ሴሎቻችንም ያጠፏቸዋል። በከባድ ኢንፍሉዌንዛ ወይም በኮቪድ-19 ሳንባው የተጎዳ፣ ስቴሮይድም የሚወስድ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ታካሚ ግን ይህ መከላከያ ይዳከምበታል። ያን ጊዜ ስፖሩ በቅሎ ክር ያወጣል፤ ክሩም የሳንባውን ሥጋ ሰርስሮ ይገባል።

ትኩሳቱና የትንፋሽ እጥረቱ ከተራ የሳንባ ምች አይለይም። ከአክታ የበቀለው ሻጋታም በመተንፈሻ ቧንቧ ላይ ያረፈ እንግዳ ብቻ ሊሆን ይችላል። ፍጹም ማረጋገጫው ከሳንባ በተወሰደ ቁራጭ ውስጥ የፈንገሱን ክሮች ማየት ነው፤ ዳሩ ግን በመሣሪያ እየተነፈሰ ያለን ሰው ሳንባ መውጋት ራሱ ለሞት ሊዳርገው ይችላል።

ስለዚህ ሐኪሞች የፈንገሱን ዱካ ይከተላሉ። ፈንገሱ ሲያድግ ጋላክቶማናን የተባለ ስኳር ከሴል ግድግዳው ይለቃል። ኑትሮፊል የተባሉት ነጭ የደም ሴሎች ባለቁበት የደም ካንሰር ሕመምተኛ ፈንገሱ የደም ሥሮችን ስለሚወር ስኳሩ በደም ውስጥ ይገኛል። ኑትሮፊል ባለው የጽኑ ሕሙማን ክፍል ታካሚ ግን የደም ምርመራው በሽታው እያለም ብዙ ጊዜ «የለም» ይላል። በብሮንኮስኮፕ ሳንባውን በጨው ውኃ አጥቦ፣ እጣቢውን መመርመር የተሻለ የሚሆነው ለዚህ ነው። እርሱም ቢሆን ከሲቲ ስካንና ከታካሚው ሁኔታ ጋር ካልተነበበ ብቻውን አይፈርድም።

መዘግየት ያስከፍላል። በግምት መድኃኒት መጀመርም እንዲሁ፤ አምፎቴሪሲን ቢ ኩላሊት ይጎዳል። ለአገራችን ደግሞ ሌላ ችግር እንጨምር። ሕመሙ ነቀርሳ ነው ተብሎ ሪፋምፒሲን ቢጀመር፣ ይህ መድኃኒት ጉበት ቮሪኮናዞልን ፈጥኖ እንዲሰባብር ያደርጋል። በኋላ ፈንገሱ ተገኝቶ ቮሪኮናዞል ሲታዘዝ በደም ውስጥ የሚቀረው እጅግ ጥቂት ይሆናል፤ ተጽዕኖውም ሪፋምፒሲን ከቆመ በኋላ ለ2 ሳምንት ያህል ይዘልቃል።