ስለ ቅናሽ ኩፖንና ስለ ሸማቾች ቅሬታ

ከ12ኛ ክፍል ተማሪ የቀረበ

ሻጭና ገዢ በዋጋ መከራከራቸው ከጥንት ጀምሮ የነበረ ነገር ነው። በአገራችን ገበያ ክርክሩ የሚካሄደው ፊት ለፊት ነው። ገዢው «ቀንስልኝ» ይላል፤ ሻጩ «አያዋጣኝም» ይላል፤ ጥቂት ከተነጋገሩ በኋላም ይስማማሉ። እህሉ ተሰፍሮ ካለቀ በኋላ ገዢዋ «እስቲ መርቂልኝ» ብትል ሻጪቱ አንድ እፍኝ ዘግና ትጨምርላታለች። ይህም ምርቃት ይባላል። ምርቃት የጊዜ ገደብ የለውም፤ ካርድም አያስፈልገውም፤ ገዢዋ በዐይኗ እያየች ወደ ከረጢቷ የሚገባ ነው።

ሱፐርማርኬት በሚባለው ትልቅ መደብር ግን ነገሩ ሌላ ነው። በዚያ ዋጋው አስቀድሞ ተጽፎ ስለሚጠብቅ ከማንም ጋር መከራከር አይቻልም። በክርክሩ ፈንታ የመጣው ኩፖን፣ የደንበኝነት ካርድና «ልዩ ቅናሽ» የሚል ማስታወቂያ ነው። በእንግሊዝ አገርና በአሜሪካ የሚኖር ሸማች ይህን ዘወትር ያየዋል፤ ብዙ ጊዜም ያማርርበታል። ገንዘብ ይቀንሳል የተባለ ነገር ስለ ምን ሰውን ያስቈጣል? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጥያቄ መመርመር ነው። ዓመተ ምሕረት ካልተባለ በቀር፣ ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

1. የኩፖን አመጣጥ

ገዢው ራሱ ከመደርደሪያ ላይ ዕቃ እያነሣ የሚወስድበት ሱቅ በአሜሪካ፣ በቴነሲ ክፍለ ግዛት፣ በሜምፊስ ከተማ በ1916 ተከፈተ። የሱቁ ስም ፒግሊ ዊግሊ፣ የባለቤቱም ስም ክላረንስ ሳንደርስ ይባል ነበር። ኩፖን ግን ከዚህ ሱቅ ይቀድማል። የኮካኮላ ነጋዴዎች መጠጣቸውን ለማስለመድ በ1880ዎቹ መጨረሻ አንድ ብርጭቆ በነጻ የሚያስገኝ ወረቀት ያድሉ ነበር።

በ1896 ደግሞ ስፔሪና ሃቺንሰን የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ሌላ ዘዴ አመጣ። ደንበኛው በገዛው ልክ አረንጓዴ ቴምብር ይሰጠዋል፤ ቴምብሩን በደብተር ላይ እየለጠፈ ያጠራቅማል፤ ደብተሮቹ ሲሞሉ በዕቃ ይለወጡለታል። ይህንኑ ዐይነት ሥራ ሪቻርድ ቶምፕኪንስ በ1958 በእንግሊዝ አገር «ግሪን ሺልድ» በሚል ስም ጀመረው። ቴስኮ የተባለውም ታላቅ የምግብ መደብር በ1963 ቴምብሩን ማደል ያዘ። የእንግሊዝ ሴቶች ማታ ማታ ቴምብር ሲልሱና ሲለጥፉ የኖሩበት ዘመን ይህ ነው።

ቴስኮ በ1977 ቴምብሩን ትቶ የዕቃውን ዋጋ ቀነሰ። ከዚህ አንድ ቁም ነገር እንማራለን። ቴምብሩ ሲቀር ዋጋው ሊቀንስ ከቻለ፣ የቴምብሩን ወጪ ሲከፍል የነበረው ራሱ ሸማቹ ነበር ማለት ነው። ሸማቹ «ስጦታ አገኘሁ» እያለ የተቀበለው ዕቃ ከራሱ ኪስ የተገዛ ነበር።

ወረቀቱ ቢቀርም አሳቡ አልቀረም። በሰኔ ወር 1974 በኦሃዮ ክፍለ ግዛት፣ በትሮይ ከተማ፣ በአንድ ሱፐርማርኬት የመጀመሪያው ባርኮድ ያለው ዕቃ በመኪና ተነበበ፤ ዕቃውም አንድ ጥቅል ማስቲካ ነበር። ከዚህ በኋላ ማን ምን እንደ ገዛ መመዝገብ ቀላል ሆነ። ቴስኮ በ1995 ክለብካርድ የተባለውን የደንበኝነት ካርድ አወጣ። በ2019 ደግሞ ካርዱ ላለው ሰው የተለየ ዋጋ መስጠት ጀመረ፤ በ2023 ሴንስበሪስ የተባለው ተወዳዳሪውም እንዲሁ አደረገ። በዚህ ምክንያት በአንድ መደርደሪያ ላይ ለአንድ ዕቃ ሁለት ዋጋ ተጽፎ የሚታይበት ጊዜ መጣ።

2. ሸማቾች የሚያማርሩበት ምክንያት

የሸማቾች ቅሬታ ብዙ ዐይነት ነው፤ ነገር ግን በአራት ክፍል ልናጠቃልለው እንችላለን።

መጀመሪያው ገደቡ ነው። ኩፖኑ «5 ፓውንድ ቅናሽ» ብሎ በትልቅ ፊደል ይጽፍና ከሥሩ በደቃቅ ፊደል ሌላ ነገር ይጨምራል፤ እስከዚህ ቀን ድረስ ብቻ፣ ከዚህ ገንዘብ በላይ ለሚገዛ ብቻ፣ እነዚህንና እነዚህን ዕቃዎች ሳይጨምር፣ ከሌላ ቅናሽ ጋር ሳይዳበል ይላል። ሸማቹ ይህን የሚያውቀው ብዙውን ጊዜ ወረፋ ጠብቆ ከገንዘብ ተቀባዩ ፊት ከደረሰ በኋላ ነው። በኋላው የቆሙት ሰዎች እያዩት «ይህ አይሠራም» ሲባል ያፍራል። እንዲህ ያለውን ኩፖን የያዘ ሰው «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብሎ ቢተርት አይፈረድበትም።

ሁለተኛው ድካሙ ነው። ኩፖን መቍረጥ፣ ቀኑን ማስታወስ፣ ነጥብ መቍጠር፣ በስልክ ላይ ቅናሹን አስቀድሞ መጫን ሁሉ ሥራ ነው። ደመወዝ የሌለው ይህ ሥራ ለገዢው ተሰጥቷል። ወደ ባዕድ አገር የሄደና የአገሩን ቋንቋ ገና ያልለመደ ሰውማ ደቃቁን ጽሕፈት ማንበብ እንዴት እንደሚከብደው መገመት አያዳግትም።

ሦስተኛው ጥርጣሬ ነው። «ድሮ 3 ፓውንድ፣ ዛሬ 2 ፓውንድ» የሚል ጽሑፍ ያየ ሰው፣ ዕቃው በእርግጥ 3 ፓውንድ ሲሸጥ የነበረው መቼና ለስንት ቀን እንደ ሆነ አያውቅም። ዊች የተባለው የእንግሊዝ ሸማቾች ማኅበር በ2015 የሱፐርማርኬቶች ቅናሽ ያሳስታል ሲል ለውድድርና ገበያ ባለሥልጣን አቤቱታ አቀረበ። ባለሥልጣኑም ከመረመረ በኋላ ችግሩ በሁሉም ቦታ የተስፋፋ አይደለም፤ ሆኖም ሸማቹን ሊያሳስቱ የሚችሉ አንዳንድ ቅናሾች አሉ ሲል መለሰ።

አራተኛው የፍትሕ ጥያቄ ነው፤ ለእኔም ከሁሉ የሚከብደው ይህ ይመስለኛል። ካርድ ያለው በ2 ፓውንድ የሚገዛውን ቅቤ ካርድ የሌለው በ3 ፓውንድ ከገዛው፣ ልዩነቱን የሚከፍለው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል። ዘመናዊ ስልክ የሌላቸው አዛውንት ይከፍላሉ። ስማቸውንና የሚገዙትን ነገር ለመደብሩ ማስመዝገብ የማይወዱ ሰዎችም ይከፍላሉ። ባለሥልጣኑ በ2024 ባወጣው ጥናት፣ አዛውንት፣ ዘመናዊ ስልክ የሌላቸውና ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ወጣቶች በካርዱ መጠቀም ይችሉ ዘንድ አንዳንድ መደብሮች የበለጠ እንዲያደርጉ አሳስቧል። እንግዲህ እናቱ ዳቦና ወተት ግዛ ብላ የላከችው የእኛ እኩያ ተማሪም ከእነዚህ አንዱ ሊሆን ይችላል።

3. በሒሳብ ሲመረመር

በክፍል ውስጥ የተማርነው ሒሳብ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ሦስት ምሳሌ እንውሰድ።

ምሳሌ ሀ። አንዲት ሴት ለሳምንት የሚያስፈልጋት ዕቃ 32 ፓውንድ ያወጣል እንበል። በእጅዋ ያለው ኩፖን ግን 40 ፓውንድ ለሚገዛ ሰው 5 ፓውንድ ይቀንሳል። ቅናሹን ለማግኘት የማያስፈልጋትን የ8 ፓውንድ ዕቃ ትጨምራለች። የምትከፍለው 40 ሲቀነስ 5፣ ማለት 35 ፓውንድ ነው። ስለዚህ 5 ፓውንድ አተረፍሁ ስትል 3 ፓውንድ ጨምራ አወጣች። አበው «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚሉት እንዲህ ያለውን ነገር ነው።

ምሳሌ ለ። አንዱ 2 ፓውንድ የሚያወጣ የፍራፍሬ ጥቅል «ሦስቱን በሁለት ዋጋ» ይባላል። ሦስቱ በ4 ፓውንድ ስለሚሸጡ አንዱ 1 ፓውንድ ከ33 ፔንስ ያህል ይደርሳል። ስድስት ነፍስ ላለበት ቤት ይህ እውነተኛ ቅናሽ ነው። ብቻውን ለሚኖር ሰው ግን አንዱን በልቶ ሁለቱ ቢበላሹበት፣ 2 ፓውንድ በሚበቃው ቦታ 4 ፓውንድ ከፈለ። አንዱ ቅናሽ ለአንዱ ቤት ትርፍ፣ ለሌላው ቤት ኪሳራ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

ምሳሌ ሐ። 500 ግራም ሩዝ በ1 ፓውንድ ከ50 ፔንስ፣ «ታላቅ ቅናሽ» የተባለው 800 ግራም ደግሞ በ2 ፓውንድ ከ56 ፔንስ ይሸጣል እንበል። የመጀመሪያው 100 ግራም 30 ፔንስ ሲሆን፣ የሁለተኛው 32 ፔንስ ነው። ትልቁ ጥቅል ተወደደ እንጂ አልረከሰም። ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው አንድ ማካፈል ብቻ ነው።

አንድ አስገራሚ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር። በአሜሪካ በሚታተሙ ብዙ ኩፖኖች ላይ «በገንዘብ ሲተመን የአንድ ሴንት አንድ መቶኛ» የሚል ቃል በደቃቅ ፊደል ይጻፋል። ይህ የመጣው በአንዳንድ ክፍላተ ግዛት ስለ ቴምብር ከወጣው የቀድሞ ሕግ ነው። እንግዲህ በዚህ ሒሳብ አንድ ዶላር ለማግኘት 10,000 ኩፖን ማምጣት ያስፈልጋል።

4. ነጋዴው ስለ ምን ያደርገዋል?

ለነጋዴው የሚበጀው፣ ብዙ መክፈል የሚችለውን ሰው ብዙ፣ በጥቂት ካልሆነ የማይገዛውንም በጥቂት ቢያስከፍል ነው። ነገር ግን ሰው በግንባሩ ላይ ይህ አልተጻፈበትም። ስለዚህ ኩፖኑ እንደ ወንፊት ይሠራል። ጊዜ ኖሮት የሚቈርጥ፣ የሚቈጥርና የሚያስታውስ ሰው በዝቅተኛው ዋጋ ያልፋል፤ የቸኰለው፣ የረሳውና የሰለቸው ሰው ሙሉውን ዋጋ ይከፍላል። አስቸጋሪነቱ በስሕተት የመጣ ሳይሆን የዘዴው አንድ ክፍል ነው፤ ሁሉም ሰው በቀላሉ ቢጠቀምበት ኖሮ ወንፊቱ አይለይም ነበርና።

ሆኖም ነጋዴውን ብቻ መውቀስ እውነት አይሆንም። በ2012 ጄ ሲ ፔኒ የተባለው የአሜሪካ የልብስና የቤት ዕቃ መደብር፣ በሥራ አስኪያጁ በሮን ጆንሰን መሪነት ኩፖኑን አስቀርቶ ዘወትር የማይለወጥ ዝቅተኛ ዋጋ አወጣ። ሸማቾች ግን ደስ አልተሰኙም። የመደብሩ ሽያጭ በአንድ ዓመት ውስጥ በሩብ ያህል ወደቀ፤ ሥራ አስኪያጁም በ2013 ከሥራው ተሰናበተ። ሰው በኩፖን ያማርራል፤ ሲቀርበት ግን የተጐዳ ይመስለዋል። «ረክሶ አገኘሁ» ማለት ራሱ ደስታ አለው፤ ነጋዴውም ይህን ጠንቅቆ ያውቃል።

ደግሞም ቅናሽ ሁሉ ሐሰት አይደለም። ከላይ የጠቀስነው የ2024 ጥናት 50,000 ያህል ዕቃዎችን መርምሮ፣ ከመቶ 92ቱ ከተለመደው ዋጋቸው እውነተኛ ቅናሽ ያላቸው ሆነው አግኝቷቸዋል። ሆኖም ከተጠየቁት ሸማቾች ከመቶ 55ቱ መደብሮቹ ቅናሹን ለማሳመር የተለመደውን ዋጋ ከፍ ያደርጋሉ ብለው ያምኑ ነበር። እምነት አንድ ጊዜ ከጠፋ እውነተኛው ቅናሽም እንደ ሐሰት እንደሚቈጠር ይህ ያስረዳል።

5. ሕግ ያደረገው እርዳታ

መንግሥታት በዚህ ነገር ዝም አላሉም። የእንግሊዝ ፓርላማ በ1964 ባወጣው ሕግ በቴምብሩ ላይ የገንዘብ ዋጋው እንዲጻፍበት፣ ሸማቹም ከፈለገ በገንዘብ እንዲለውጠው አዘዘ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከግንቦት ወር 2022 ጀምሮ፣ ዋጋ ቀነስሁ የሚል ነጋዴ ከዚያ በፊት በነበሩት 30 ቀኖች ውስጥ የሸጠበትን ዝቅተኛ ዋጋ መግለጽ አለበት።

ይህ ደንብ እንዴት እንደሚሠራ በጀርመን አገር የተነሣው የሙዝ ክርክር ያሳያል። አልዲ ዙድ የተባለው መደብር ሙዝ ከ1 ዩሮ ከ69 ወደ 1 ዩሮ ከ29 ወርዷል፤ ከመቶ 23 ተቀንሷል ብሎ አስታወቀ። ነገር ግን በ30 ቀን ውስጥ ሙዙ በ1 ዩሮ ከ29 የተሸጠበት ጊዜ ነበረ። የሸማቾች ማኅበር ከሰሰ፤ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤትም በመስከረም ወር 2024 ቅናሹ መታሰብ ያለበት ከ30 ቀኑ ዝቅተኛ ዋጋ ተነሥቶ ነው ሲል ፈረደ። በዚህ ስሌት የሙዙ ቅናሽ ባዶ ነበር።

በአገራችንም በ2006 ዓመተ ምሕረት የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 813 ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ በግልጽ እንዲለጥፍ አዟል፤ አሳሳች ማስታወቂያንም ከልክሏል። በጠርሙስ ቆርኪ ሥር ሽልማት መፈለግን አብዛኞቻችን እናውቃለን፤ ሱፐርማርኬትም በከተሞቻችን እየበዛ ሄዷል። ስለዚህ የሌላው አገር ሸማች ያየው ነገር ለእኛም ትምህርት ይሆነናል።

6. ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ እንደ ተመለከትነው፣ ኩፖን አንዱን ዕቃ ለሁለት ሰው በሁለት ዋጋ የመሸጫ ዘዴ ነው። ሸማቹን የሚያስቈጣው የገንዘቡ ማነስ ብቻ አይደለም፤ ለእርሱ የተሰጠ ስጦታ መስሎት ሲቀበለው በገደብና በድካም የታሰረ ሆኖ ስለሚያገኘው ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው ደግሞ ከወንፊቱ በታች የሚቀሩት ብዙ ጊዜ አቅመ ደካሞች መሆናቸው ነው።

ስለዚህ የመደብር ባለቤት የሆነ ሰው ቅናሽ ሲሰጥ ገደቡን እንደ ቅናሹ በትልቅ ፊደል ይጻፍ፤ ስልክና ካርድ የሌለውንም ሰው አይርሳ። ሸማቹም ወደ መደብር ከመግባቱ በፊት የሚያስፈልገውን በወረቀት ይጻፍ፤ የ100 ግራሙን ዋጋ ያስላ፤ ቀኑንም ይመልከት። እኛ ተማሪዎች ደግሞ ማካፈልና የመቶኛ ስሌት የተማርነው ለፈተና ብቻ እንዳይሆን፣ ከወላጆቻችን ጋር ገበያ ስንሄድ ደቃቁን ጽሕፈት እናንብብላቸው። ይህን ያህል እርዳታ ከእኛ መጠበቃቸው አይበዛም።