አሮጌውን የሞተር ዘይት አሟጦ ስለ ማውጣት

ስለ ሞተር ዘይት መለወጥ በተነሣ ቁጥር በተማሪው መካከል የሚሞቀው ክርክር ስለ አዲሱ ዘይት ነው። የየትኛው አገር ሥሪት ይሻላል፣ ቀጭኑ ነው ወይስ ወፍራሙ፣ ዋጋውስ ስንት ደረሰ ይባላል። ስለ አሮጌው ግን የሚጠይቅ የለም፤ ቡሎኑ ተፈትቶ ጥቁሩ ዘይት ሲወርድ ከታየ ነገሩ ያለቀ ይመስላል። በእኛ አስተያየት አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት፣ ከአሮጌው ዘይት ምን ያህሉ ወጣ፣ ምን ያህሉስ ውስጥ ቀረ የሚለው ነው። የወጣው የት ደረሰ የሚለውም አብሮ ይመጣል። ለዚህ ጥናት ከሴቻ የተሻለ ቦታ መፈለግ አያስፈልግም፤ ባጃጁን በየደጁ ራሱ የሚያድስ ሰው ሞልቷል፣ መሬቱ ተዳፋት ነው፣ ውሃችንም ያለው ከታች ነው።

በመሠረቱ ዘይት የሚለወጠው ቅባትነቱ ፈጽሞ ስለ ጠፋ አይደለም። ነዳጅ ሲቃጠል ጥላሸት ይወጣል፤ ከዚህም ጋር ውሃና አሲድ ይፈጠራሉ፤ ጥቂት ያልተቃጠለ ነዳጅም ፒስተኑን አልፎ ወደ ታች ይወርዳል። ከብረቱ የሚፋቀው ደቃቅ ፍርፋሪና ከመንገዱ የሚገባው አቧራ ይጨመርበታል። አሲዱን እንዲያከሽፉ፣ ጥላሸቱንም አንሳፍፈው እንዲይዙ ከፋብሪካው የተቀላቀሉት መድኃኒቶች ደግሞ በሥራ ብዛት ያልቃሉ። ከሴቻ ሲቀላ፣ ከሲቀላ ሴቻ እየተመላለሰ በየመቶ ሜትሩ የሚቆም ሞተር ሳይግል የሚጠፋበት ጊዜ ብዙ ስለ ሆነ፣ ውሃውና ነዳጁ ተንነው ለመውጣት ፋታ አያገኙም። ስለዚህ ኮፓው ውስጥ የሚቀረው አሮጌ ዘይት ለአዲሱ የሚተርፈው ይህንን ሁሉ ነው።

ጉዳቱ ምን ያህል እንደ ሆነ በሒሳብ እንየው። አንድ ሞተር 4 ሊትር ዘይት ይይዛል እንበል። ከአንድ ለውጥ እስከ ሌላው የሚያጠራቅመውን ቆሻሻ 100 ብለን እንጥራው። በእያንዳንዱ ለውጥ 1 ሊትር አሮጌ ዘይት የሚቀር ከሆነ የቆሻሻው ሩብ ወደሚቀጥለው ዙር ይሸጋገራል። በሁለተኛው ዙር መጨረሻ 125፣ በሦስተኛው 131 ይሆናል፤ እየቆየ 133 አጠገብ ደርሶ ይቆማል። ግማሽ ሊትር ብቻ ቢቀር መቆሚያው 114 ገደማ ነው። የሚቀረው አንድ የውሃ ብርጭቆ፣ ማለት 0.2 ሊትር ከሆነ ደግሞ 105 ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር እንረዳለን። አንደኛ፣ ከአንድ ሊትር ወደ አንድ ብርጭቆ ለመውረድ መድከም ዋጋ አለው። ሁለተኛ፣ ያቺን የመጨረሻ ብርጭቆ ለማውጣት መኪናውን የሚገለብጡ ሰዎች በከንቱ ይደክማሉ። ብርጭቆዋ ግን ለሁሉም ሞተር እኩል አይደለችም። ወደ 10 ሊትር ለሚይዝ ትልቅ የናፍጣ ሞተር ሃምሳኛ እጅ ናት፤ አንድ ሊትር ገደማ ለሚይዘው የባጃጅ ሞተር ግን አምስተኛ እጅ ናት። እንግዲህ የመጨረሻዋን ጠብታ ችላ ማለት የሚያዋጣው ባለ ትልቁን መኪና ነው፤ በባጃጁ ቤተሰብ የሚያስተዳድረው ሰው ግን ብርጭቆዋን ማሳደድ ይገባዋል።

አሟጦ ለማውጣት ከሁሉ የሚበልጠው ረዳት ሙቀት ነው። ቁጥር 40 የሚባለው ዘይት 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ፣ በ40 ዲግሪ ከነበረው ውፍረት ወደ አንድ አሥረኛ ይቀጥናል። የቀጠነው ዘይት ፈጥኖ ይወርዳል፤ ጥላሸቱንም ከግርጌ ሳይዘቅጥ ይዞት ይወጣል። ሞተሩን ቆሞ ለአምስት ደቂቃ ማስነሣት ግን አይበቃም፤ ውሃው ሲግል ዘይቱ ገና ለብ እንዳለ ነውና። ለሴቻ ሰው መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሲቀላ ድረስ ወርዶ ዳገቱን መውጣት ነው። ከዚያ በኋላ ሞተሩን አጥፍቶ አሥር ደቂቃ ያህል መታገሥ ይገባል። ላይኛው ክፍል ላይ ያለው ዘይት እስኪወርድ መጠበቁ አንድ ጥቅም ሲሆን፣ ሌላው ጥቅም እጅ እንዳይቃጠል ነው፤ ገና ከመንገድ የገባ ሞተር ዘይቱ ቆዳ ይልጣል።

መሬቱም መታየት አለበት። በተዳፋት ላይ የቆመ መኪና ዘይቱ ከኮፓው ወደ አንዱ ጥግ ይሸሻል፤ ማፍሰሻው በሌላው ጥግ ከሆነ ኩሬው እዚያው ይቀራል። ብዙ ሰው ፊቱን በክሪክ አንሥቶ ከሥር ይገባል። ማፍሰሻው በኮፓው ኋላ ከሆነ ይህ ያግዛል፤ ከፊት ከሆነ ግን ያንኑ ኩሬ በእጁ ሠራ ማለት ነው። ስለዚህ አስቀድሞ ጎንበስ ብሎ ቡሎኑ የት እንዳለ ማየት ነው። በክሪክ ብቻ ከተያዘ መኪና ሥር መግባት ደግሞ ስለ ዘይት ሳይሆን ስለ ሕይወት የሚነሣ ጉዳይ ነው፤ ጠንካራ ማቆሚያ ከሌለ አይገባም። ባጃጅ ከዚህ ችግር ነፃ ነው፤ ሁለት ሰው ሆኖ ወደ ማፍሰሻው ወገን ዘንበል ማድረግ ይቻላል።

ቡሎኑ ከተፈታ በኋላ ዘይቱ በወፍራሙ የሚወርደው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ሰው ሁሉ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው፤ ክሩ ሲቀጥን ቡሎኑን ይመልሳል። በግድግዳው ላይ የተለጠፈው ዘይት ግን ገና እየመጣ ነው፤ ሃያ ደቂቃ ቢጠበቅ ብዙ አይደለም። ቡና ተፈልቶ አንደኛው እስኪጠጣ ይደርሳል። ፊልትሮውም የራሱን አሮጌ ዘይት ስለሚይዝ አብሮ ይለወጥ። ሲፈታ አሮጌው ጎማ ከሞተሩ ጋር ተጣብቆ እንዳልቀረ መመልከት ያስፈልጋል፤ በሁለት ጎማ ላይ የታሰረ ፊልትሮ አዲሱን ዘይት በመንገድ ላይ ይዘረግፈዋል።

ሞተሩን በናፍጣ ማጠብ የሚባል ልማድ አለ። እኛ አንመክረውም። ዘይቱ ያልወጣበት ጥግ ናፍጣውም አይወጣበትም፤ የሚቀረው ናፍጣ ደግሞ አዲሱን ዘይት ያቀጥነዋል። ለዓመታት የተጋገረውን ዝቃጭ ነቅሎ የዘይት መተላለፊያውን ሊደፍንም ይችላል። አዲሱ ዘይት ቶሎ ጠቆረ ብሎ መደንገጥም አያሻም፤ የናፍጣ ሞተር የቱንም ያህል ተሟጦ ቢቀዳ ዘይቱን ወዲያው ያጠቁረዋል። ቀለም ምስክር አይሆንም።

ምስክሩ ልክ ነው። ከመፍታት በፊት በመለኪያው ዘንግ ዘይቱ የት እንደ ደረሰ ይታይ፤ ሞተር ዘይት ስለሚበላ ይህ ካልታወቀ ሒሳቡ ይዛባል። ከዚያም የወጣው ዘይት ሊትሩ በተጻፈበት ባዶ ዕቃ ይገልበጥ። አምራቹ 4 ሊትር ብሎ፣ ዘንጉም ሙሉ አሳይቶ፣ የወጣው 3 ሊትር ብቻ ከሆነ ቀሪው የት እንዳለ ግልጽ ነው።

አሁን በሳፋው ውስጥ ያለው የተቃጠለ ዘይት ቀረ። ልማዱ ከአጥር ሥር ወይም ቦይ ውስጥ መድፋት ነው። የአርባ ምንጭ ዝናብ በሚያዝያና በግንቦት፣ ደግሞም ከመስከረም በኋላ ይበረታል፤ ከሴቻ የሚነሣው ጎርፍ ሁሉ ቁልቁል ነው የሚሄደው። ከተማው ስሙን ያገኘባቸውና የሚጠጣባቸው ምንጮች ከተረተሩ ሥር ከጫካው ይፈልቃሉ፤ ከዚያ ወዲያ ያሉት አባያና ጫሞ ናቸው። አንድ ሊትር የተቃጠለ ዘይት አንድ ሚሊዮን ሊትር ውሃ ሊያበላሽ ይችላል የሚለው ስሌት ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ በተቋቋመ ትምህርት ቤት የሚማር ሰው ቦይ ላይ ሲደፋ ቢገኝ ምን እንደሚል አናውቅም።

ምስጥ እንዳይበላው እንጨት የሚቀቡበትም አሉ። የዶርዜ ሰው የቀርከሃ ቤቱ ግርጌ በምስጥ እየተበላ እንደሚያጥር ለሚያውቅ፣ ይህ ልማድ ከየት እንደ መጣ አይገርመውም። ነገር ግን የተቀባው ዘይት ከዝናቡ ጋር ይታጠባል፤ በባዶ እጅ የሚቀባው ሰውም ቆዳውን ለካንሰር አምጪ ነገሮች ያጋልጣል። የሚሻለው፣ ዘይቱ ውሃም ቤንዚንም ሳይቀላቀልበት ክዳኑ በሚገጥም ጄሪካን ተጠራቅሞ በበርሜል ለሚሰበስብ ጋራዥ ቢሰጥ ነው። ጄሪካኑ ቀድሞ የምግብ ዘይት ወይም ውሃ የነበረበት ከሆነ፣ ልጆች እንዳይሳሳቱ «የተቃጠለ ዘይት» ተብሎ በጉልህ ይጻፍበት፤ ከዚያ በኋላም ለሌላ ነገር አይዋል።