«ልብሱን እንደ ለበሱ አይተኩሱ»፦ የዕቃ ማስጠንቀቂያ እንዴት ይነበባል?



በዚህ እትም የትምህርት ዓምዳችን የምንነጋገረው በምንገዛቸውና በእርዳታ በምንቀበላቸው ዕቃዎች ላይ ስለሚጻፉ ማስጠንቀቂያዎች ነው። አብዛኞቻችን ካርቶኑን ቀደን ዕቃውን እናወጣና አብሮት የመጣውን ወረቀት ለከሰል ማቀጣጠያ እናደርገዋለን። እንግሊዝኛ የተማሩ ልጆቻችን አልፎ አልፎ አንስተው ሲያነቡት ደግሞ ሳቅ ይሆናል። መሳቁ አይከፋም። ሆኖም ከሚያስቁት መካከል የሰው ሕይወት የሚያድኑ አሉ፤ ሁሉንም በአንድነት ስቀን ከጣልናቸው ጉዳቱ የራሳችን ነው። ስለዚህ ይህ ትምህርት ሁለት ጥያቄዎችን ይመልሳል፦ እነዚህ ማስጠንቀቂያዎች ለምን ተጻፉ? የትኞቹንስ በቁም ነገር እንውሰድ? (በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሀ. የሚያስቁት የትኞቹ ናቸው?

በኤሌክትሪክ ካውያ መመሪያ ላይ «ልብሱን እንደ ለበሱ አይተኩሱ» የሚል ይገኛል። በሕፃን ጋሪ ላይ «ጋሪውን ከማጠፍዎ በፊት ሕፃኑን ያውጡ» ተብሎ ተጽፏል። በጸጉር ማድረቂያ ላይ «ተኝተው ሳለ አይጠቀሙበት» ይላል። በአሜሪካ ሚሺጋን ውስጥ የፍርድ ቤት ክስ በዝቷል የሚሉ ሰዎች በ1997 እጅግ አስቂኙን ማስጠንቀቂያ ላገኘ የሚሸልም ዓመታዊ ውድድር ጀምረው ነበር። ካሸነፉት አንዱ በሽንት ቤት መፈተጊያ ብሩሽ ላይ የተጻፈው «ለግል ንጽሕና አይጠቀሙበት» የሚለው ነው።

«ይህን የማያውቅ ሰው አለ እንዴ?» ያሰኛል። ነገር ግን ፋብሪካዎች ለቀለምና ለወረቀት ገንዘብ የሚያወጡት ያለ ምክንያት አይደለም።

ለ. ለምን ተጻፉ?

ዋናው ምክንያት የአሜሪካ ሕግ ነው። በቀድሞው ዘመን በዕቃ ብልሽት የተጎዳ ሰው መክሰስ የሚችለው ዕቃውን የሸጠለትን ነጋዴ እንጂ የሠራውን ፋብሪካ አልነበረም፤ ከፋብሪካው ጋር ውል የለውምና። በ1916 የኒውዮርክ የበላይ ፍርድ ቤት ይህን ለወጠው። አንድ ሰው ከነጋዴ የገዛው የቢዩክ መኪና የእንጨት ጎማው ተሰብሮ ጉዳት ደርሶበት ነበር፤ ፍርድ ቤቱም ፋብሪካው ራሱ ኃላፊ ነው ሲል ወሰነ። በ1963 ደግሞ የካሊፎርኒያ የበላይ ፍርድ ቤት አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄደ። ዕቃው ጉድለት ኖሮበት ሰው ከጎዳ የፋብሪካውን ቸልተኝነት ማስረዳት ሳያስፈልግ ፋብሪካው ይጠየቃል አለ። ከዚያ ወዲህ «ጉድለት» የሚለው ቃል የተሰበረ ጎማን ብቻ ሳይሆን በቂ ማስጠንቀቂያ አለመጻፍንም የሚጨምር ሆነ። ፋብሪካዎችም ጠበቆቻቸውን ይዘው ለሚታሰበውም ለማይታሰበውም ነገር ማስጠንቀቂያ ይጽፉ ጀመር።

በዚህ ረገድ ብዙ የተሳቀበት የቡናው ክስ ነው። በ1992 በኒው ሜክሲኮ፣ አልበከርኪ ከተማ፣ አንዲት የ79 ዓመት አዛውንት ከማክዶናልድ የገዙት ቡና ጭናቸው ላይ ፈሰሰባቸው። በ1994 ዳኞች ብዙ ገንዘብ ሲፈርዱላቸው «ቡና ትኩስ መሆኑን የማያውቁ ሴት ሚሊየነር ሆኑ» ተብሎ በዓለም ዙሪያ ተቀለደ።

የክሱ መዝገብ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። ቡናው ከ82 እስከ 88 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ ሙቀት ይዞ ነበር የሚሸጠው። በዚህ ሙቀት ያለ ፈሳሽ በሰከንዶች ውስጥ ቆዳን እስከ ሥጋ ያቃጥላል። አዛውንቷ 8 ቀን ሆስፒታል ተኙ፤ ከሌላው ሰውነታቸው ቆዳ እየተወሰደ ተተከለላቸው። ድርጅቱ ቀደም ባሉት አሥር ዓመታት ከ700 በላይ የመቃጠል አቤቱታዎች ደርሰውት ነበር። እርሳቸው በመጀመሪያ የጠየቁት 20,000 ዶላር ሲሆን የቀረበላቸው 800 ዶላር ነበር። ዳኞቹ ለቅጣት የወሰኑትን 2.7 ሚሊዮን ዶላር የችሎቱ ዳኛ ወደ 480,000 ቀንሰውታል፤ በመጨረሻም ሁለቱ ወገኖች በስምምነት ጨረሱ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው አንድ ነገር አለ። በጽዋው ላይ ማስጠንቀቂያ ተጽፎ ነበር። ነገር ግን ጽሑፉ ደቃቅ ነበር፤ ቡናው ምን ያህል ከባድ ጉዳት እንደሚያደርስም አልገለጸም። እንግዲህ ማስጠንቀቂያ መጻፉ ብቻ አይበቃም፤ መታየትና መነበብ አለበት።

ሐ. የሚያስቀውና የሚያድነው እንዴት ይለያሉ?

ፋብሪካው ራሱን ከክስ ለማዳን ሠላሳና አርባ ማስጠንቀቂያ ሲደረድር ዋናው ከተራው ጋር ይቀላቀላል። የጸጉር ማድረቂያውን እንመልከት። «ተኝተው አይጠቀሙበት» በሚለው ላይ ስቀን ወረቀቱን እንጥለዋለን። በዚያው ወረቀት ላይ ግን «ማጥፊያውን ቢያጠፉትም፣ ሶኬቱ እስካልተነቀለ ድረስ ውኃ አያስነኩት» የሚል አለ። ይህ ቀልድ አይደለም፤ ዕቃው የጠፋ ቢመስልም ሶኬቱ ከተሰካ ኤሌክትሪክ በውስጡ አለ። ውኃ ውስጥ የወደቀ ማድረቂያ ሰው ይገድላል።

የሁለቱ ልዩነት ምንድን ነው? የሚያስቀው ማስጠንቀቂያ ስለሚታይ አደጋ ይናገራል። የጋለ ካውያ ሰውነት ላይ እንደማይደረግ ዓይናችንም ቆዳችንም ይነግረናል። የሚያድነው ማስጠንቀቂያ ግን ስለማይታይ፣ ስለማይሸት፣ ወይም ጊዜው ካለፈ በኋላ ስለሚታወቅ አደጋ ይናገራል። ስለዚህ ማስጠንቀቂያ ስናነብ ሦስት ነገሮችን እንጠይቅ፦

1ኛ. አደጋውን በዓይኔ አየዋለሁ? በአፍንጫዬስ እለየዋለሁ?
2ኛ. ሕፃን ልጅ እጅ ቢገባ ምን ይሆናል?
3ኛ. አደጋው ከደረሰ በኋላ መመለስ ይቻላል?

የመጀመሪያው መልስ «አላየውም»፣ የሦስተኛው መልስ «አይቻልም» ከሆነ፣ ወይም ዕቃው ልጅ የሚጎዳ ከሆነ፣ ማስጠንቀቂያው የቱንም ያህል ሞኝ ቢመስል እንታዘዘው።

ቃላቱን ማወቅም ይረዳል። የአሜሪካን ደረጃ በሚከተሉ ዕቃዎች ላይ ሦስት ቃላት ይገኛሉ። «ዴንጀር» በቀይ ቀለም የሚጻፍ ሲሆን ካልተጠነቀቁ ሞት ወይም ከባድ ጉዳት ይደርሳል ማለት ነው። «ዋርኒንግ» በብርቱካንማ ቀለም ይጻፋል፤ ሞት ወይም ከባድ ጉዳት ሊደርስ ይችላል ማለት ነው። «ኮሽን» በቢጫ ይጻፋል፤ ቀላል ወይም መካከለኛ ጉዳት ሊደርስ ይችላል ማለት ነው። በአካባቢያችን ሱቆች በሚሸጡ ዕቃዎች ላይ አደጋ በስዋሂሊ «ሃታሪ»፣ በዐረብኛ «ኸጠር» ይባላል። መርዝ በእንግሊዝኛ «ፖይዝን»፣ በስዋሂሊ «ሱሙ»፣ በዐረብኛ «ሱም» ነው። የራስ ቅል ምልክት ካለበት ቋንቋ አያስፈልግም።

መ. በከሰል ከረጢት ላይ የተጻፈው

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንግባ። በአሜሪካ የሚሸጥ የከሰል ከረጢት ሁሉ «በቤት፣ በመኪና ወይም በድንኳን ውስጥ ከሰል ፈጽሞ አያንድዱ» የሚል ማስጠንቀቂያ እንዲኖረው ግዴታ ነው። ለእኛ ይህ ከካውያው የባሰ ያስቃል። ከሰል ያለ ቤት የት ይነዳል? ቡና የሚፈላው፣ ወጥ የሚሠራው፣ ብርድ የሚባረረው በምን ሆነና!

ይህ ማስጠንቀቂያ ግን የማይታየውን አደጋ ከሚናገሩት ወገን ነው። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ጋዙ ቀለምም ሽታም የለውም። ወደ ሳንባ ሲገባ ደማችን ኦክሲጅን በሚሸከምበት ቦታ ላይ ይጣበቃል፤ የመጣበቅ ኃይሉ ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣል። ስለዚህ ሰውየው እየተነፈሰ ሳለ አካሉ አየር ያጣል። በመጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ድካም ይሰማዋል፤ ከዚያ እንቅልፍ ይጫነዋል። ተኝቶ ያገኘው ሰው ሳይነቃ ሊሞት ይችላል።

እዚህ ላይ ከልማዳችን ጋር የሚጋጭ ነገር አለ። ብዙ ሰው ከሰሉን ውጭ አቀጣጥሎ፣ ጭሱ ሲያልቅና ፍሙ ሲቀላ ወደ ቤት ያስገባል፤ «መጥፎው ወጥቶለታል» ይላል። ይህ ትክክል አይደለም። ጭስ ማለቁ የሚታየው ነገር ማለቁ ነው፤ የማይታየው ጋዝ ከቀይ ፍምም ይወጣል። አመድ የለበሰ ፍምም ቢሆን ያወጣል።

የቀድሞው የአሜሪካ ማስጠንቀቂያ «አየር ማስወጫ ከሌለ በቤት ውስጥ አይጠቀሙ» የሚል ነበር። ይህን ያነበበ ሰው መስኮት መክፈት የሚበቃ ሊመስለው ይችላል። በጥር 1993 በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት፣ በሲያትል አካባቢ፣ ዐውሎ ነፋስ መብራት ባቋረጠ ጊዜ ለሙቀትና ለምግብ ማብሰያ ቤት ውስጥ ከሰል አንድደው ከተመረዙት ብዙዎቹ እንግሊዝኛ የማይችሉ መጤዎች ነበሩ። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን በ1996 ደንቡን አሻሻለ። ጽሑፉ «ፈጽሞ» የሚል ሆነ፤ ማንበብ የማይችልም እንዲረዳው በቤት፣ በድንኳንና በመኪና ውስጥ ያለ ምድጃ ከክልከላ ምልክት ጋር እንዲሳልበት ታዘዘ። ደንቡ ከ1997 ጀምሮ ይሠራል። ያም ሆኖ በታኅሣሥ 2006 በዚያው አካባቢ ሌላ ዐውሎ ነፋስ መብራት ሲያቋርጥ ሰዎች በከሰልና በጄኔሬተር ጋዝ ሞቱ። ሲያትል ታይምስ የተባለው ጋዜጣ የፊት ገጹን ማስጠንቀቂያ በተለያዩ ቋንቋዎች ለማተም ተገደደ። የመልሶ ማስፈር ጉዳያቸው ተጠናቆ ወደ ብርድ አገር የሚሄዱ ወገኖቻችን ይህን በተለይ ይያዙት፤ የዚያ አገር ቤት ብርድ እንዳያስገባ ተደፍኖ የተሠራ ነውና።

ሠ. በመጠለያችን ምን እናድርግ?

ከሰል፦ ከሁሉ የሚሻለው ውጭ ማብሰል ነው። ዝናብ አስገድዶ ቤት ውስጥ ከተጠቀምን በሩና ትይዩው ቀዳዳ ክፍት ይሁኑ። ይህ አደጋውን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም። ፍም ያለበት ምድጃ ካለበት ቤት በር ዘግቶ መተኛት ግን በምንም ምክንያት አይደረግ፤ አራስ ያለችበት ቤትም ቢሆን። ቤት ውስጥ ያሉ ሁሉ ባንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው ጋዙን እንጠርጥር። የተመረዘውን ሰው ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር አውጥተን ወደ ክሊኒክ እናድርስ። ወተትም ሆነ ሎሚ ንጹሕ አየርን አይተካም።

«አትብሉ» የሚሉ ከረጢቶች፦ በአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምናገኛት ትንሽ ከረጢት እርጥበት መምጠጫ ናት፤ የተለመደችው ነጯ እምብዛም መርዝነት የላትም፣ ሕፃን ግን ሊታነቅባት ይችላል። በእህል ውስጥ የሚደረገው የነቀዝ እንክብል ግን፣ በተለምዶ «ፎስቶክሲን» የሚባለው፣ ፍጹም ሌላ ነው። እርጥበት ሲነካው ገዳይ ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ በጆንያ ውስጥ ያልፋል፤ ማርከሻም የለውም። እንክብል የተደረገበት እህል ባለበት ክፍል ሰው አይተኛ።

እንደ ሳንቲም ክብ የሆኑ ትናንሽ ባትሪዎች፦ ሕፃን ከዋጣቸው ጉሮሮ ላይ ተቀርቅረው በ2 ሰዓት ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ሊያደርሱ ይችላሉ። «እስኪወጣ እንጠብቅ» ሳንል በፍጥነት ወደ ሐኪም እንውሰደው።

ላምባ (ነጭ ጋዝ)፦ በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ አይቀመጥ። ልጅ ከጠጣው እንዲያስመልሰው አናስገድደው፤ ሲያስመልሰው ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ጠርሙሱን ይዘን ወደ ክሊኒክ እንሂድ።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። በየማስጠንቀቂያው ጀርባ ቀድሞ የተቃጠለ ሰው አለ፤ የእርሱን መከራ አንብበን ብንማር እኛ አንደግመውም። በካምፓችን ግን ማንበብ የሚችለው ሁሉም አይደለም፤ የሚችለውም የዕቃውን ቋንቋ ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ በየብሎኩ ማንበብ የምትችሉ ወጣቶች፣ አዲስ ዕቃ ሲገባ ወረቀቱን ለእናቶችና ለአረጋውያን በአማርኛ ተርጉማችሁ አንብቡላቸው። በሚያስቀው አብራችሁ ሳቁ፤ የማይታየውን አደጋ የሚናገረው ላይ ስትደርሱ ሁለት ጊዜ አንብቡ።

የመለማመጃ ጥያቄዎች (በቡድን ለመወያየት)

1. የቡናው ክስ ላይ ማስጠንቀቂያው ተጽፎ ሳለ ለምን አልበቃም?
2. «ዴንጀር» እና «ኮሽን» በምን ይለያያሉ?
3. ፍሙ ከቀላ በኋላ ከሰል ወደ ቤት ማስገባት ለምን አያድንም?
4. ቤታችሁ ካለ ዕቃ አንዱን አምጡና ማስጠንቀቂያዎቹን ቁጠሩ። ስለማይታይ አደጋ የሚናገሩት ስንት ናቸው?
5. በመጠለያችሁ ምድጃው የት ይቀመጣል? ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ወደ ውጭ የሚያወጣው ማን እንደሆነ ዛሬውኑ ተስማሙ።