ስለ ኮሽም

ዛሬ የምንመለከተው ብዙዎቻችን በልጅነታችን በእሾሁ እየተወጋን፣ ፊታችንንም እያጨማደድን ፍሬውን የበላነውን ኮሽምን ነው።

ፈረንጆች «የሐበሻ ጉዝቤሪ» ይሉታል። በአውሮፓ ጉዝቤሪ ከሚባለው ቁጥቋጦ ጋር ግን በእሾሁና በፍሬው ኮምጣጣነት ይመሳሰላል እንጂ ዝምድና የለውም። የዕፅዋት ሊቃውንት ዛሬ ኮሽምን የሚመድቡት ከአኻያ ቤተሰብ ነው። በወንዝ ዳር የምናውቀው ለስላሳው አኻያ የዚህ እሾሃም ዘመድ ነው ቢባል ማን ያምናል? ሳይንሳዊ ስሙ ዶቭያሊስ አቢሲኒካ ይባላል።

ስሙ የሐበሻ ይሁን እንጂ አገሩ ሰፊ ነው። ከኤርትራና ከኢትዮጵያ ደጋዎች ተነሥቶ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ በኩል እስከ ማላዊ ይደርሳል። ደጋና ወይና ደጋ ይስማማዋል፤ በጫካ ዳር፣ በወንዝ አፋፍና በአጥር ላይ ይበቅላል። የቅርብ ዘመዶቹም አንዱ በደቡብ አፍሪካ፣ ሌላው በስሪላንካ ይገኛሉ።

በይበልጥ ልናውቀው የሚገባው ግን ይህ ነው፤ ኮሽም ወንዱና ሴቱ ለየብቻ የቆመ ተክል ነው። ወንዱ ያብባል፣ ፍሬ ግን አይሰጥም። ሴቲቱ ታፈራለች፤ ይኸውም በአካባቢዋ ወንድ ካለ ነው። ስለዚህ «ይህ መካን ነው» ተብሎ ወንዱ ሲቆረጥ በሚቀጥለው ዓመት የጎረቤቱ ኮሽም ፍሬ ያጣል። ባለቤቱም ምክንያቱን ሳያውቅ ዝናቡን ያማርራል።

በአንዳንድ አጥቢያ ቅጥሩ ሲታደስ ኮሽሙ ከነሥሩ ተነቅሎ በቆርቆሮ ሲተካ እናያለን። ቆርቆሮ በአንድ ቀን ይቆማል፤ ኮሽም ግን አጥር እስኪሆን ዓመታት ይፈልጋል፣ ይህን አንክድም። ነገር ግን ቆርቆሮ ይዝጋል፤ ወፍም አይመግብም። በእኛ አስተያየት ያረጀው ክፍል በቆርቆሮ ቢደገፍ እንኳ የቆመው ኮሽም ሊነካ አይገባም።

አዲስ ለመትከል የምናስብ ከሆነ ከበሰለው ፍሬ ዘሩን አውጥተን፣ በውኃ አጥበን ሳይቆይ እንዝራው። ችግኙ እስኪያብብ ድረስ ወንድ ይሁን ሴት አይታወቅም። ስለዚህ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ተክሎ ፍሬ መጠበቅ አያዋጣም፤ ስምንት አሥር ያህል አቀራርበን እንትከል። ገና ለጋ ሳለም ከብት እንዳይግጠው ጭራሮ እናጥርለት።