በሣር ውስጥ ያለው ስኳርና የፈረስ ሰኮና

ዐፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ ዐፄ ምኒልክም «አባ ዳኘው» እየተባሉ በፈረስ ስማቸው ይጠሩ እንደ ነበር ከመካከላችን የማያውቅ ተማሪ የለም። ስለ ፈረስ ጉልበትና ስለ ኮርቻው ጌጥም ብዙ ተነግሯል። ስለሚግጠው ሣር የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። «ሣር ያው ሣር ነው፤ ፈረስም የተፈጠረው ሣር ሊበላ ነው» ይባላል። ይህ አነጋገር እውነትነት አለው፤ ግን ሙሉ አይደለም። ከአንድ መስክ ላይ በማለዳ የሚጋጠው ሣርና ከቀኑ በ10 ሰዓት የሚጋጠው ሣር በውስጣቸው ያለው ስኳር እኩል አይሆንም፤ ይህም ልዩነት አንዳንዱን ፈረስ እስከ ማሽመድመድ ይደርሳል።

ነገሩን እንድመረምር ያነሣሣኝ በቤታችን የደረሰ ጉዳት ነው። በመኸር ጊዜ ፈረሳችን ሌሊት ገመዱን በጥሶ ዐውድማ ላይ ከተከመረው የተወቃ ገብስ ሲበላ አደረ። በሁለተኛው ቀን የፊት እግሮቹን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ ክብደቱን በኋላ እግሮቹ ላይ ጥሎ ቆመ፤ ቢጎትቱትም አልራመድ አለ። እኛም ጠግቦ ያመፀ መስሎን በአለንጋ መታነው። ሰኮናውን በእጃችን ዳሰን ቢሆን ኖሮ እንደ ጋለ ባወቅን ነበር። በኋላ የመጣው የእንስሳት ሐኪም ሕመሙ ላሚናይቲስ እንደሚባል ነገረን።

የፈረስ ሰኮና ከውጭ ሲያዩት ደረቅ ቀንድ ነው። በውስጡ ግን አንድ አጥንት አለ፤ ይህም አጥንት ከሰኮናው ግድግዳ ጋር የተያያዘው እንደ መጽሐፍ ገጽ ጎን ለጎን በተደረደሩ ስስ ቅጠሎች ነው። ዋና ዋናዎቹ ቅጠሎች በአንድ ሰኮና ውስጥ ከ550 እስከ 600 ይደርሳሉ፤ እያንዳንዱም ቅጠል ደግሞ ከ100 በላይ በሆኑ ረቂቅ እጥፋቶች የተሸነሸነ ነው። የፈረሱ ክብደት ሁሉ የሚንጠለጠለው በእነዚህ ላይ ነው። ላሚናይቲስ ማለት የእነዚህ ቅጠሎች መቆጣትና መላቀቅ ነው። የተላቀቁ እንደሆነ አጥንቱ ወደ ታች ይሰምጣል ወይም ይዞራል፤ እጅግ የከፋ እንደሆነም ጫፉ የሰኮናውን መርገጫ በስቶ ይወጣል።

እንግዲህ ገብሱ ይህን ካደረገ፣ ሣሩስ እንዴት ያደርጋል? በሳይንስ ትምህርታችን እንደ ተማርነው፣ ቅጠል የፀሐይን ብርሃን ተቀብሎ ከውሃና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ስኳር ይሠራል። ቀን የሠራውን ስኳር ሌሊት ለመተንፈሻውና ለማደጊያው ያውለዋል። ስለዚህ በሣሩ ውስጥ ያለው ስኳር ሊነጋ ሲል ያንሳል፤ ፀሐይ ስትወጣ እየጨመረ ሄዶ፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ማታ ገደማ ከሁሉ ይበልጣል። ደመናማ ቀን ሲሆን ያነሰ፣ ጠራራ ሲሆን የበዛ ነው።

በዚህ ብቻ ቢያበቃ ኖሮ «ፈረስህን በማለዳ አሰማራ» ብሎ መጨረስ በተቻለ። ነገር ግን ውርጭ ይህን ደንብ ያፈርሰዋል። ብርዱ ከ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወርድ የብዙው ሣር ዕድገት ይቆማል። ቅጠሉ ግን በማግሥቱ ፀሐይ ሲያገኝ ስኳር መሥራቱን አይተውም፤ ሠሪው እየሠራ ተጠቃሚው ስለ ተኛ፣ ስኳሩ በግንዱ ሥር ይከማቻል። ከውርጭ ሌሊት በኋላም ማለዳው ራሱ እንደ ማታው ስኳራም ይሆናል። ድርቅም እንዲሁ ዕድገትን እያገደ ስኳርን ያከማቻል። ደግሞም እስከ ሥሩ የተጋጠ ሣር ምንም ያልቀረው ቢመስለንም፣ ክምችቱ ያለው እዚያው ግንዱ ሥር ነው።

ሣር ሁሉ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ብርድ የሚወዱት ወገኖች፣ ማለት ስንዴ፣ ገብስ፣ አጃና ሪዬግራስ የተባለው የአውሮፓ ሣር፣ ትርፉን ስኳር ፍሩክታን ወደሚባል ነገር ለውጠው ያስቀምጡታል። በቆሎ፣ ማሽላና ጤፍ የሚገኙበት ሙቀት ወዳዱ ወገን ፍሩክታን አያከማችም፤ በጠቅላላውም ስኳሩ ያነሰ ነው። በዚህ ምክንያት እኛ ለእንጀራ የምናበቅለውን ጤፍ አሜሪካኖች ገና ለጋ ሳለ አጭደው፣ አድርቀው፣ ስኳር ለሚጎዳቸው ፈረሶች ይመግቡታል። ይህን ባነበብኩ ጊዜ ደስ አለኝ።

ፍሩክታንን የፈረስ ትንሹ አንጀት ሊፈጨው አይችልም። ሳይፈጭ ወደ ትልቁ አንጀት ሲደርስ በዚያ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች በፍጥነት ያብላሉትና ላክቲክ አሲድ ይሆናል፤ አሲዱም የአንጀቱን ሽፋን ይጎዳል። የኛ ፈረስ የበላው ገብስም ከመጠን በላይ ስለ ነበረ በዚሁ መንገድ ነው የጎዳው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2006 በአውስትራሊያ የታተመ ምርመራ፣ የፍሩክታን ዓይነት በአንድ ጊዜ በብዛት የተሰጣቸው ፈረሶች በላሚናይቲስ መታመማቸውን አሳየ። በ2007 ደግሞ ሌላ በር ተከፈተ። ጤነኛ ለሆኑ ድንክ ፈረሶች ኢንሱሊን እስከ 72 ሰዓት ድረስ ሳይቋረጥ ቢሰጣቸው፣ የደማቸው ስኳር ሳይጨምር በአራቱም እግራቸው ታመሙ። ዛሬ በመስክ ላይ የሚደርሰው ሕመም በአብዛኛው በዚህ በኢንሱሊን መንገድ እንደሚመጣ ይታመናል። ጣፋጭ ሣር ሲበዛ የደም ስኳር ይጨምራል፤ ኢንሱሊንም ይከተለዋል፤ በወፈረ ፈረስ ሲሆን ደግሞ ከልክ ያልፋል።

ነገሩ በእንግሊዝና በዌልስ ይበልጥ የታወቀ ነው። የዌልስ ድንክ ፈረስ በደረቅ ኮረብታ ላይ በጥቂት ነገር መኖር የለመደ ፍጥረት ነው። በዚያችው አገር በአበሪስትዊዝ ከተማ በ1919 የተቋቋመው የዕፀዋት ማዳቀያ ጣቢያ ግን፣ በኋላ ዘመን ለወተት ላሞችና ለበጎች እንዲጠቅም ስኳሩ የበዛ ሪዬግራስ አውጥቷል። ለላም በረከት የሆነው መስክ ለዚያ ድንክ ፈረስ ወጥመድ ሆነ።

በአገራችን አብዛኛው ፈረስ የሚቸገረው በረኃብ እንጂ በጥጋብ አለመሆኑን አውቃለሁ፤ የከሳውን የጋሪ ፈረስ ሣር ከልክሉት አልልም። ነገር ግን እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ደጋ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ውርጭ ይወርዳል። በዚያ ወራት ሥራ ፈቶ የወፈረ፣ ማጅራቱ ላይ ስብ የጠጠረበት ፈረስ በለጋ አጃ ወይም ገብስ ማሳ ቀኑን ሙሉ ሊታሰር አይገባውም። በሌላ ጊዜ ከንጋት ጀምሮ እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት ግጦ ይመለስ፤ ውርጭ ባደረ ዕለት ግን ደረቅ ድርቆሽ ይሰጠው። ድርቆሽም ቢሆን ስኳር አያጣም። ስለዚህ በውጭ አገር ላቦራቶሪ ይመረምሩታል፤ ስኳሩና ስታርቹ ተደምሮ ከ10 እስከ 12 በመቶ ካለፈ ለታማሚ ፈረስ አይሰጡትም። ላቦራቶሪ የሌለው ሰው ድርቆሹን ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፎ ውሃውን ቢደፋው ከስኳሩ የተወሰነው ይወጣል። አንዳንዶች ደግሞ ከታች ትንሽ ቀዳዳ ያለው የአፍ መሸፈኛ ያለብሱታል፤ እየጋጠ ይውላል፣ የሚያገኘው ግን ጥቂት ነው።

ሕመሙ የጀመረ እንደሆነ የሚታወቀው በአቋቋሙ፣ በሰኮናው ግለትና ከሰኮናው በላይ ባለው የደም ሥር ኃይለኛ ምት ነው። ያን ጊዜ እህሉንና ለምለሙን ሣር ማቆም፣ አሸዋ ወይም ለስላሳ መሬት ላይ ማቆየት፣ እግሩን በቀዝቃዛ ውሃ ማብረድና ሐኪም መጥራት ነው። እንዲራመድ ማስገደድ የተላቀቀውን ይበልጥ መቅደድ ነው፤ እኛ በአለንጋ ያደረግነው ይህንኑ ነበር።

ፈረሳችን አልሞተም። በሰኮናው ዙሪያ እንደ ቀለበት ያለ መስመር ወጣበት፤ ሰኮና ቀስ እያለ ወደ ታች የሚያድግ ስለሆነ መስመሩ በየወሩ ዝቅ ሲል እናየው ነበር። አባቴ ከዚያ ወዲህ አልጫነውም፤ ማታ ማታ ወደ በረት ሲያስገባው አስቀድሞ ጎንበስ ብሎ አራቱንም ሰኮናዎች በእጁ ይዳስሳል።