የሸርጣን መቆንጠጫና የወደቀች ላም

ወንዝ ዳር ድንጋይ ስንፈነቅል ሸርጣን ጣታችንን ቆንጥጦን ያውቃል። አቤት ጉልበቱ! ለመሆኑ ይህ ኃይል ከየት መጣ?

መቆንጠጫው ውስጥ ጡንቻ አለ። ጡንቻው በብዙ ክሮች የተሠራ ነው፤ ክሮቹ ሲኮማተሩ መቆንጠጫው ይገጥማል። ትእዛዙ በነርቭ የሚመጣ ኤሌክትሪክ ነው። እንደ ከተማ መብራት አይምሰለን፤ እጅግ ደካማ ነው። የሚገርመው፣ ወደ ሸርጣን ጡንቻ ሁለት ዓይነት ነርቭ ይሄዳል። አንዱ «ያዝ!» ይላል፤ ሌላው «ተው!» ይላል። የእኛን ክንድ ጡንቻ ግን «ተው» ባይ ነርቭ አይደርሰውም።

ኤሌክትሪኩ የሚያልፈው በክሩ ቆዳ ላይ ነው። ታዲያ ውስጡን ማን ያስኮማትረዋል? እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1967 ሪጅዌይና አሽሊ የተባሉ ሊቃውንት ይህን መረመሩ። የመረጡት ከባሕር ድንጋይ ጋር ተጣብቆ የሚኖር የሸርጣን ዘመድ ነው፤ የጡንቻው ክር ወፍራም ስለሆነ በዓይን ይታያል። ካልሲየም ሲያገኝ የሚያበራ ነገር በክሩ ውስጥ ጨመሩ። በኤሌክትሪክ ሲነኩት ክሩ አበራ፤ ተከትሎም ተኮማተረ። ለካ ኤሌክትሪኩ በር ከፋች ነው፤ ሥራውን የሚያስጀምረው ካልሲየም ነው!

ካልሲየም በአጥንትና በወተት ያለ ማዕድን ነው። የላማችንም ጡንቻ ያለ እርሱ አይሠራም። ብዙ ወተት የምትሰጥ ላም በወለደች ሰሞን ካልሲየሙ ወደ ወተቱ ሄዶ በደሟ ውስጥ ሲያንስ ጡንቻዋ ይዝላል፤ ትወድቃለች፤ መነሳት ያቅታታል። «ቡዳ በላት» ብለን ስንጠብቅ ትሞትብናለች። ምንም ነገር ሳንግታት የእንስሳት ሐኪም ቶሎ እንጥራ። ካልሲየም በደም ሥሯ ሲሰጣት ብዙ ጊዜ በዚያው ዕለት ተነስታ ትቆማለች።